ጎማው አደገ፣ ዲፈረንሻሉስ?

የአክስቴ ልጅ ነጭ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለው። አለው ስል፣ እህቱ ስድስት ዓመት ቤሩት ሠርታ ባጠራቀመችው ብር እና በቤተሰብ ዕቁብ የተገዛ መኪና ነው። እሱ ይነዳዋል፣ ዕቃ ይጭንበታል፣ ከሚያገኘው ላይ የእናቱን ቤት ኪራይ ይከፍላል። ባለፈው ዓመት መስቀል ሰሞን ደውሎ «ና እስቲ ተመልከታት» አለኝ። ሄድኩ። መኪናዋ ከፍ ብላለች። የድሮዎቹ ጎማዎች ወጥተው በቦታቸው ግዙፍ፣ ጥርሳቸው የጎላ ጎማዎች ገብተዋል። እውነቱን ለመናገር ታምራለች። ቪዲዮ ቀርጾ ለቀቀው፤ ልጆቹ ከሥር የእሳት ምልክት ሲደረድሩለት ዋሉ።

ቪዲዮው ላይ ያልታየው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ያቺ መኪና በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ፍሪሲዮን በላች። የመጀመሪያው ሲቃጠል «ፎርጅድ ዕቃ ነው የሸጡልኝ» አለ። ሁለተኛው ሲቃጠል ዕቃው ኦሪጅናል ስለነበር የሚያማው ሰው አጣ። ዳገት ላይ ሲነሳ መኪናዋ ታለቅሳለች፣ ድሮ በሦስተኛ የሚወጣውን አሁን በሁለተኛ እየጎተተ ይወጣል፣ ናፍጣውም «ጨመረ» ይላል። ጎማውን ግን አንድም ቀን አልጠረጠረም። ጎማ ምን ያደርጋል? ጎማ ጎማ ነው።

አይደለም። የዛሬው ጽሑፌ በሙሉ ስለዚህ «አይደለም» ነው።

ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተሩን ክፈቱ። የድሮው ጎማ ጎኑ ላይ 265/65R17 ይላል። 265 ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 172 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት አባዙት፣ 344.5። 17 የቸርኬው መጠን ነው፣ በኢንች፤ በ25.4 ሲባዛ 431.8። ደምሩት፤ ጎማው ከመሬት እስከ ጫፉ 776 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አዲሱ 285/70R17 ነው። በዚሁ መንገድ ስትሠሩት 831 ይመጣል። 831ን ለ776 አካፍሉ፣ 1.07። ጎማው በ7 በመቶ አድጓል።

7 በመቶ ምን አላት ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ግን ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ሞተሩ ያንን ረጅም እርምጃ የሚገፋው በዚያው በድሮው ጉልበቱ ነው። ሳይክል የነዳ ሰው ይገባዋል፤ ዳገት ላይ በከባዱ ማርሽ እንደ መርገጥ ነው። መሬት ላይ የሚደርሰው የመግፋት ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል። ጎማውና ቸርኬው ራሱ ደግሞ ከድሮው ይከብዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የት ነው? ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ 3,000 ይታለፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። የድሮ ሃይሉክስ ባለ 3 ሊትር ናፍጣ ወይም ላንድክሩዘር 79 ባለ 4.2 ሊትር ያላችሁ ሰዎች፣ ጎማ ሳትቀይሩ ገና ከሞተራችሁ አንድ አምስተኛውን ለከፍታው ገብራችኋል። ቱርቦ ያለውም ቢሆን ቱርቦው እስኪነሳ ድረስ ያንኑ ቀጭን አየር ነው የሚተነፍሰው። ፍሪሲዮን የሚቃጠለው ደግሞ እዚያች ሰዓት ላይ ነው፤ ዳገት ላይ ቆማችሁ፣ ዕቃ ጭናችሁ፣ በአንደኛ ስትነሱ።

እዚህ ላይ ነው ዲፈረንሻል የሚመጣው። የኋላ አክስል መሀል ላይ ያለው ያ ድቡልቡል ብረት ውስጥ ሁለት ጥርሳም ዕቃዎች አሉ፤ ትንሿ ፒኞን፣ ትልቁ ኮሮና። (ኮሮና ሲባል ቫይረሱ ትዝ የሚላችሁ ልጆች፣ መካኒኮቹ ቃሉን ከጣሊያን የወሰዱት ቫይረሱ ሳይታሰብ ነው።) ኮሮናው 43 ጥርስ፣ ፒኞኗ 11 ጥርስ ከሆነች 43 ለ11 ሲካፈል 3.909 ነው። ትርጉሙ፣ ጎማው አንዴ እንዲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ አራት ጊዜ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይዞራል። 41 ለ10 ከሆነ 4.1፣ 43 ለ10 ከሆነ 4.3፣ 41 ለ9 ከሆነ 4.556። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መኪናው ጉልበታም ይሆናል፣ ግን በዚያው ፍጥነት ሞተሩ ብዙ ይዞራል። እነዚህ አራቱ ቁጥሮች ቶዮታ ፒክ አፕ የያዘ ሰው ደጋግሞ የሚያገኛቸው ናቸው።

ስለዚህ ጎማ በ7 በመቶ ያሳደገ ሰው ዲፈረንሻሉንም በ7 በመቶ ማሳደግ ይችላል። 3.909 በ1.07 ሲባዛ 4.18። 4.18 የሚባል የለም። ያለው ወይ 4.1 ነው ወይ 4.3። እዚህ ጋ ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። «ቅርቡን ውሰድ» የሚሉ አሉ፣ 4.1 ማለታቸው ነው። በእኔ አስተያየት አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ባዶውን ለሚመላለስ ሰው 4.1 ይበቃዋል። ደጋ ላይ ለሚኖር፣ ዕቃ ለሚጭን፣ ኮረኮንች ለሚገባ ሰው ግን 4.3 ነው። ሒሳቡን እዩት፤ በ831 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ 4.3 ማለት በድሮው ጎማ 4.02 እንደ ማለት ነው። ከፋብሪካው ትንሽ ብቻ ይበልጣል። ያቺ ትንሽ ብልጫ የጎማውን ክብደት ታካክሳለች።

«ሞተሩ አይጮህም ወይ?» ይጮሃል፣ ትንሽ። አንድ ለአንድ በሆነው ማርሽ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትነዱ በድሮው ጎማና በ3.909 ሞተሩ 2,670 ገደማ ይዞራል። ጎማውን ብቻ ብትቀይሩ ወደ 2,500 ይወርዳል፤ ብዙ ሰው ይህን «ነዳጅ ቆጠበልኝ» ይላል፣ ሜዳ ላይ ለጊዜው እውነት ሊመስል ይችላል። 4.3 ስታስገቡ 2,750 ይሆናል። ከፋብሪካው የጨመረው 80 ዙር ብቻ ነው። በዚህች ልዩነት ማንም እንቅልፍ አያጣም። 4.556 ብታስገቡ ግን 2,900 ያልፋል፤ እሱ ለ35 ኢንች ጎማ ነው፣ ለዚህኛው አይደለም። 35 ኢንች 889 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ776 ጋር ስታካፍሉት 1.145፤ 3.909 ላይ ስታባዙት 4.48። እዚያ ላይ 4.556 ትክክል ነው። ከዚያ በላይ የሚመኙ ሰዎች ከእኔ ሳይሆን ከባንካቸው ጋር ይነጋገሩ።

ስለ ናፍጣው «ጨመረ» ወሬም አንድ ነገር ልበል። ጎማው ሲያድግ ዳሽቦርዱ አያውቅም። 80 ሲላችሁ እውነተኛው ፍጥነት ከሚያሳየው በ7 በመቶ ሸሽቷል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም 100 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 93 ብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ በሊትር ስታሰሉ ከእውነቱ በላይ የበላ ይመስላል፤ ዘይት የምትቀይሩበት ቀንም ሳታውቁት ይገፋል። ንባቡን ከካምቢዮ የሚወስድ መኪና ላይ ዲፈረንሻሉ ሲቀየር ይህ አብሮ ይስተካከላል፤ ከጎማ ሴንሰር የሚወስድ ላይ ግን ስህተቱ እንዳለ ይቀራል።

አሁን ወደ ዓባይ በረሃ ልውሰዳችሁ።

በግንቦት ወር ወደ ደብረ ማርቆስ አብሬው ሄድኩ። ከኋላ ቆርቆሮና ሚስማር ጭኗል፣ ውስጥ አምስት ሰው ነን። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስትጀምሩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከፊት ሲኖትራክ፣ ከኋላ አይሱዙ። የአክስቴ ልጅ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ለመያዝ ሞከረ። መኪናዋ አልያዝ አለች። በሦስተኛ ትሸሻለች፣ በሁለተኛ እንኳ እግሩን ከፍሬን ማንሳት አልቻለም። ግማሽ ላይ ስንደርስ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ከኋላ የተቀመጠች ሴት «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች፤ ማንም አልመለሰላትም። ከዚያ ፔዳሉ ወደ ታች ይገባ ጀመር። አንድ ሰፋ ያለ ጥግ አግኝተን ቆምን። አንድ ሰዓት ያህል እዚያ ቁጭ ብለን ቸርኬው ሲቀዘቅዝ ጠበቅን። ከዚያች ሴት በቀር ማንም ብዙ አላወራም፣ እሷ ስትጸልይ ነበር።

ያንን ቀን የፈጠረውም ያው 1.07 ነው። እኔ ሁሌ የማስበው ስለ ዳገት ነበር። ግን ዳገት ላይ የሚደክም ሞተር ቁልቁለት ላይም አይይዝም፤ ማርሹ በ7 በመቶ ሲረዝም ሞተሩ መልሶ የሚጎትተውም በዚያው ይሳሳል። ፍሬኑ ደግሞ ዲስኩ ያው የድሮው ነው፣ ጎማው ግን ተልቋል፤ ያንኑ መኪና ለማቆም በርትቶ መጨበጥ አለበት። ሁለቱ ተደምረው ጭነት ሲጨመርባቸው ሽታ ይሆናሉ። ፍሪሲዮን ቢቃጠል ብር ነው። ይህኛው ብር አይደለም።

ከዚያ ሲመለስ ዲፈረንሻል ለማስቀየር ወሰነ። መወሰኑ ጥሩ ነበር፣ የሄደበት ጋራዥ ግን አልነበረም። «የኋላውን ብቻ 4.3 እናስገባልህ፤ የፊቱን ምን ያደርግልሃል፣ ፎር ዊል በዓመት አንዴ ነው የምትነካው» አሉት። ርካሽ ነገር ማን ይጠላል። የድሮውን የኋላ ዲፈረንሻል ተቀብለው ከዋጋው ቀነሱለት። ደስ ብሎት ወጣ። ዳገት ላይ እውነትም ተሻላት፤ ነገሩ ተረሳ። ሐምሌ ላይ ጭቃ ያዘው፣ ፎር ዊል አስገባ፣ ነዳጅ ሰጠ፣ ከሥር እንደ ጥይት ጮኸ። ፊቱ 3.909፣ ኋላው 4.3። ፎር ዊል ሲገባ ፊትና ኋላ በአንድ ዘንግ ይታሰራሉ፤ አንዱ በ10 በመቶ ፈጥኖ መሄድ ይፈልጋል፣ ሌላው እንቢ ይላል። ጭቃ ትንሽ ይቅር ይላል፣ ከሥሩ ድንጋይ ሲያገኝ ግን የሚሰበር ነገር ይፈልጋል፤ ትራንስፈሩን አገኘ።

ፎር ዊል ያለው መኪና ላይ የፊትና የኋላ ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ግማሽ መንገድ የለውም። ለሁለቱም ብር ከሌላችሁ ለአንዱም አትጀምሩ፤ ትልቁን ጎማም አትግዙ።

የራሳችሁን ቁጥር ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግም። የቶዮታ መለያ ሰሌዳ ላይ «ኤ/ቲኤም» ከሚለው አጠገብ ያለው ኮድ አክስሉን ይነግራል፤ ፎቶ አንስታችሁ ኮዱን ስልካችሁ ላይ ፈልጉት። ያገለገለ መኪና ከሆነ ግን ሰሌዳውን አትመኑት፣ ከእናንተ በፊት ማን ምን እንደ ቀየረ አታውቁም። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ያዙ፣ ካምቢዮው ነጻ ይሁን፣ ፎር ዊሉ ይውጣ፣ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሱና በጠንካራ ድጋፍ አስቀምጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ዘንጉ ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። የተነሳውን ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር ስታዞሩ ዘንጉ የዞረው ብዛት ነው ቁጥራችሁ። ሌላ ሰው ይቁጠርላችሁ፣ ከመኪናው ሥር ግን ማንም አይግባ።

ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል ከሱማሌ ተራ ገዝቶ መግጠም ይቻላል፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ እኔም አልቃወምም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ጥርሶቹን ራሳችሁ ቁጠሩ፣ 43 እና 10። ሻጩ «4.3 ነው» ስላለ አይደለም። አዲስ ኮሮናና ፒኞን የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ገጣሚው ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብቶ የሚነካካበትን ቦታ ሲያይ ቆማችሁ እዩ። ይህን የማያደርግ ሰው ጋ አታስገጥሙ፤ በወሩ ኡኡ የሚል መኪና ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ከተገጠመም በኋላ የመጀመሪያውን 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳትጭኑ፣ ሳትሮጡ ንዱና የዲፈረንሻሉን ዘይት ቀይሩ።

«ታዲያ ጎማው ባይቀየር አይሻልም?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ለብዙዎቻችሁ አዎ፣ ይሻላል። ቦሌና ሲኤምሲ ለሚመላለስ መኪና 831 ሚሊ ሜትር ጎማ ጌጥ ነው። ጌጥ ክፉ አይደለም፣ እኔም ጫማዬን የምገዛው ለምቾቱ ብቻ አይደለም። ግን የጎማውን ዋጋ ስትጠይቁ የሁለት ዲፈረንሻልን ዋጋ አብራችሁ ጠይቁ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በናፍጣ የሚሄድ መኪና የያዘ ሰው «ይሄኛው ቢበላሽ ሌላ አመጣለሁ» ብሎ የሚዝናናበት ጊዜ አይደለም።

የአክስቴ ልጅ የፊቱን 4.3 ያገኘው ባለፈው ሳምንት ነው። ጥርሱን እኔ ቆጠርኩለት፣ ሁለቴ። ትራንስፈሩ ተጠግኗል፤ አሁን 800 ኪሎ ሜትሩን ባዶውን እየነዳ ይቆጥራል፣ እስከዚያ ገቢ የለም። እህቱ ለትንሣኤ ትመጣለች። ስለ ሁለተኛው ፍሪሲዮን እስካሁን አልነገራትም።