«እንግሊዝኛውን ብቻ አርሙልን!»

ባለፈው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን፣ የዶርማችን በር ተንኳኳ። ሦስት የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ናቸው። 60 ገጽ የሚሆን የመመረቂያ ፕሮጀክት ታቅፈዋል። ለአንድ የገጠር ቀበሌ የሚሆን የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ነድፈዋል። «በናታችሁ፣ ነገ ጠዋት እናስረክባለን፤ እንግሊዝኛውን ብቻ አርሙልን!» አሉን። ወዳጆቻችን ናቸውና ሻይ አፍልተን፣ እስክሪብቶ አንስተን ማረም ጀመርን።

ስናነብ ግን አንድ ነገር ከነከነን። «ተጠቃሚው» የሚል ቃል በየገጹ አለ። ተጠቃሚው ይቀዳል፤ ተጠቃሚው ይከፍላል፤ ተጠቃሚው ይጠግናል። ይሄ ተጠቃሚ ማነው? ሴት ነው ወንድ? ልጅ ያዘለች እናት የፓምፑን እጀታ በምን እጇ ትጫነዋለች? ገንዘቡን ማን ይሰበስባል? ዕቃው ሲሰበር መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ብለን ጠየቅን። «እሱ የእኛ አይደለም፤ የማኔጅመንቶቹ ነው» አሉን። በማግስቱ አንድ የማኔጅመንት ተማሪ ካፌ አግኝተን ብንጠይቀው «እሱማ የሶሲዮሎጂ ነገር ነው» አለን። የሶሲዮሎጂዋ እህታችን ደግሞ ሳቀችና «እኛን ማን ጠርቶን!» አለች። ውሃ ቀጂዋ በሦስት ዲፓርትመንት መካከል ጠፋች ማለት ነው።

ይህን የምንጽፈው ወዳጆቻችንን ለማማት አይደለም። የተማሩትን ነው የሠሩት። ጥያቄያችን ለማኔጅመንትና ለቴክኖሎጂ ትምህርት ቤታችን ነው። በየስብሰባው «የትምህርት ዘርፎች ቅንጅት» ይባላል፤ «ኢንተርዲስፕሊነሪ» የሚል ቃል በየግድግዳው ተለጥፏል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሎም ይተረታል። የታለ ታዲያ ድሩ?

ሐቁ ይህ ነው፦ ኮርሶችን ጎን ለጎን መደርደር ቅንጅት አይደለም። ጉርብትና ነው፤ ያውም በአጥር የተለየ ጉርብትና። የኢንጂነሪንጉ ተማሪ አንድ የማኔጅመንት ኮርስ ይወስዳል፤ የማኔጅመንቱ ተማሪ ስለ ቴክኖሎጂ ሌክቸር ይሰማል፤ ሁለቱም ፈተናውን አልፈው ይረሱታል። በአንድ ችግር ፊት ሁለት መምህራን አብረው ቆመው፣ በተማሪ ፊት ሲከራከሩ ያየ አለ? እኛ አላየንም።

በአገራችን በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከ100 አዲስ ገቢ ተማሪዎች 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ሶሻል ሳይንስና ሂዩማኒቲስ እንዲገቡ የሚል ፖሊሲ ወጥቶ ነበር። አገሪቱ ኢንጂነር ያስፈልጋታል መባሉ ትክክል ነበር፤ ማን ይክዳል? ቁጥሩ ያስለመደን ግን ዕውቀትን እንደ ቅርጫ ሥጋ በመደብ መከፋፈልን ነው፤ «ያንተ መደብ ያ፣ የእኔ መደብ ይህ»። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ከየዘርፉ የተውጣጡ የጋራ ኮርሶች መውሰድ መጀመራቸው ደግ ነገር ነው። ሎጂክም፣ አንትሮፖሎጂም፣ የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያም ይማራሉ። ግን ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደየመደቡ ይገባል፤ በሩም ይዘጋል።

የሌላውን አገር ልምድ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1951 ለንደን በሚገኘው የታቪስቶክ ተቋም ኤሪክ ትሪስትና ኬን ባምፎርዝ ስለ እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን አንድ ጥናት አሳተሙ። ማዕድኑ አዲስ መሣሪያ ገብቶለት ነበር፤ ምርቱ ግን እንደታሰበው አልሆነም፤ ከሥራ የሚቀረው ሠራተኛም በዛ። መሐንዲሱ ቢጠየቅ ማሽኑ ደህና ነው። ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ጥናቱ ያገኘው ይህን ነው፦ ድሮ ከሰል ቆፋሪው የሥራ ጓደኛውን ራሱ መርጦ፣ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮ ይሠራ ነበር። አዲሱ ዘዴ ግን 40 ያህል ሰዎችን በሦስት ፈረቃ በተነ። አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ማጓጓዣውን ያዛውራል፣ ሌላው ይጭናል፤ እርስ በርስ አይተያዩም። የአንዱ ፈረቃ ጥፋት ለሚቀጥለው ይተርፋል፤ ጨለማ ውስጥ ማን ማንን ይወቅሳል? ማሽኑና የሰዎቹ አደረጃጀት አንድ ላይ ካልተነደፉ ሁለቱም ይከሽፋሉ፤ ትምህርቱ ይህ ነበር።

ልብ በሉ፤ ትሪስት የሥነ ልቦና ሰው ነው፤ ባምፎርዝ ግን ቀድሞ ራሱ ከሰል ቆፋሪ የነበረ ሰው ነው። ያ ሐቅ የተገኘው የሚያጠናውና የቆፈረው አንድ ወረቀት ላይ አብረው ስለጻፉ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ሞት ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በተወነጨፈች በ73 ሰከንድ ተበታትና 7 ሰዎች አለቁ። ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ ኢንጂነሮች በዋዜማው ሌሊት፣ የጎማ ቀለበቶቹ ብርዱን አይችሉም፣ ይቅር ብለው ነበር። አንድ ኃላፊ ግን ኢንጂነር ለነበረው ባልደረባው የኢንጂነርነቱን ባርኔጣ አውልቆ የማኔጅመንቱን እንዲያደርግ ነገረው። ባርኔጣው ተቀየረ፤ ፈቃዱም ተፈረመ። እንዴ! አንድ ጭንቅላት ሁለቱን አብሮ ማሰብ የማይችለው ምን ሆኖ ነው? ሶሲዮሎጂስቷ ዳያን ቮን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ ነገሩ የጥቂት ክፉ ሰዎች ሥራ ብቻ እንዳልሆነ አሳየች። መሥሪያ ቤቱ በየበረራው ጥቂት ጥቂት ጉድለት እየተቀበለ፣ አደጋውን እንደ ደንብ ለምዶት ነበር። ጎማውን የሚለካው መሣሪያ ይህን ልማድ አይለካም።

«ሁሉን የሚነካካ አንዱንም አያውቅም» የሚሉን አሉ። ቀልድ አይደለም፤ መልስ ይገባዋል። ከሁለት ኮርስ ጭላፊ እየወሰደ ሦስቱንም የማያውቅ ምሩቅ ማፍራት እኛም አንፈልግም። ግን ኸርበርት ሳይመንን ተመልከቱ። ዶክትሬቱ በፖለቲካ ሳይንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ አዲስ ወደተከፈተው የኢንዱስትሪ አስተዳደር ትምህርት ቤት ገባ። ሰው በመሥሪያ ቤት ውስጥ እንዴት ይወስናል የሚለውን አንድ ጥያቄ ሙጭጭ ብሎ ያዘ። ጥያቄው ወደ ኢኮኖሚክስ ወሰደው፣ ወደ ሥነ ልቦና ወሰደው፣ ወደ ኮምፒዩተር ወሰደው። በ1975 የኮምፒዩተር ሳይንስን የቱሪንግ ሽልማት፣ በ1978 የኢኮኖሚክስን ኖቤል ተቀበለ። ጥልቀት ያለው በጥያቄው ውስጥ እንጂ በዲፓርትመንቱ አጥር ውስጥ አይደለም።

እኛም የሂዩማኒቲሶቹ ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ቁጥር የበዛበት ገጽ ስናይ አልፈን እንሄዳለን። ስለ ገበሬው ግጥም እንጽፋለን፤ ፓምፑ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚያወጣ ግን አንጠይቅም። «እኛ የሰው ነገር ነው የምናውቀው» እያልን ራሳችንን ስናገልል፣ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የተባለው ነው የደረሰብን።

ስለዚህ ጥያቄያችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ከሁለት ዲፓርትመንት የተውጣጡ ሁለት አማካሪዎች ይኑሩት፤ ግሬዱንም ሁለቱ አብረው ይስጡ። ሁለተኛ፣ ቡድኑ ውስጥ ከሌላ ፋካልቲ ቢያንስ አንድ ተማሪ ይግባ፤ ንድፉ ከመጀመሩ በፊት ዕቃውን የሚጠቀሙበት ሰዎች ዘንድ ሄደው ይዋሉ፣ ይደሩ። ሦስተኛ፣ ሁለት መምህራን አንድ ክፍል አብረው ሲያስተምሩ ለሁለቱም ሙሉ ሰዓት ይቆጠርላቸው። ይህ የሂሳብ ክፍል ጉዳይ ይመስላል፤ የነገሩ ቁልፍ ግን እሱ ነው። አብሮ ሲያስተምር ሥራው እየበዛ ሰዓቱ በግማሽ የሚቆጠርበት መምህር፣ በምን ዕዳው አብሮ ያስተምራል? እድገቱም በየዲፓርትመንቱ ሚዛን ብቻ የሚለካ ከሆነ፣ አጥር ዘልሎ የሚመራመረው ቅጣት እየገዛ ነው።

ለሦስቱ ወዳጆቻችን ደግሞ የምንለው አለን። በራችን አሁንም ክፍት ነው፤ ሻዩም አለ። የሚቀጥለውን ጊዜ ግን በመጨረሻው ሌሊት አትምጡ። ወረቀቱ ገና ባዶ ሳለ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ኑ። አብረን ወደ ቀበሌው እንሂድና፣ ውሃ የምትቀዳዋን እናት ቀድመን እንጠይቃት። እንግሊዝኛውን በኋላ እናርመዋለን።