በሽቦ የታሰረ ነዳጅ መስጫ

የማኅበር ትራክተር ደህና ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም የሚያየው ጎማውንና ሞተሩን ነው። ከመሪው ሥር ያለችውን የእጅ ነዳጅ መስጫ ልብ የሚላት የለም። ስትላላ ሾፌሩ በሽቦ ያስራታል ወይም እንጨት ይሸጉጥባታል፤ ሥራውም ይቀጥላል። ይህን ልማድ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊያስቆሙት ይገባል።

ከደሴ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚደርሰው መንገድ የሚያልፍበት ደጋ በአብዛኛው የበሬ አገር መሆኑ አይካድም። ተዳፋቱና የማሳው ጥበት ለማረሻ ትራክተር አይመቹም። በዚህ ዓይነት አገር አሮጌ ትራክተር ይበልጥ የሚጠቅመው ገብስና ስንዴ ለመውቃትና ተጎታች ለመሳብ ነው። በሁለቱም ሥራ የነዳጅ መስጫው መርጋት ወሳኝ ነው።

የናፍታ ትራክተር ነዳጅ መስጫ ነዳጁን በቀጥታ አይለካም። በዘንግ አማካይነት የፓምፓውን ክንድ ይገፋል፤ ክንዱም የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ሞላ ይወጥራል። ጭነት ሲከብድ ነዳጅ የሚጨምረው፣ ሲቀል የሚቀንሰው ይኸው መቆጣጠሪያ ነው። ብዙ መሣሪያዎች የትራክተሩ የኋላ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ እንዲዞር ታስበው የተሠሩ ናቸው። በማሴይ ፈርጉሰን 135 ይህ የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 1700 ጊዜ ገደማ ሲዞር ነው። እጀታው በንዝረት እየተንሸራተተ ዙሩ ከወረደ መውቂያው ይታፈናል፣ እህሉም ከገለባው ጋር ይወጣል። ከልክ በላይ ከታሰረ ፍሬው ይሰበራል። ከሁሉ የሚከፋው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ነዳጁ በሽቦ የተወጠረበት ሞተር ፍሬኑን ማገዙ ቀርቶ የተጫነውን ተጎታች ይዞ ይገፋል።

ጥገናው ግን ከባድ አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው እጀታውን ከዳር እስከ ዳር ያንቀሳቅስ፣ ሌላው የፓምፓውን ክንድ ይመልከት። እጀታው ሲሄድ ክንዱ ከዘገየ የተበላው መገጣጠሚያው ነው። ክንዱ ወዲያው ከተከተለና እጀታው በራሱ ከተመለሰ ግን ያለቀው እጀታውን በመፈተግ የሚይዘው ሰሃንና ሞላው ነው። ዳዶውን ማጥበቅ አንዳንዴ ይበቃል፤ ካልበቃ ሰሃኑ ይለወጥ። እዚያ ላይ ግራሶ መቀባት፣ ምንም እንኳ በደግ ልብ ቢሆን፣ ጥፋት ነው። የሰፋ ቀዳዳ በብየዳ ተሞልቶ እንደገና ይበሳ ወይም ቡሽ ይግባበት። በፒን ፈንታ ሚስማር መክተት ቀዳዳውን ይበልጥ ያሰፋዋል፤ ኮፒሊያም የሚገዛው በጥቂት ብር ነው። በመጨረሻ ክንዱ በሁለቱም ጫፍ ማቆሚያውን መንካቱ ይረጋገጥ።

በፓምፓው ላይ የታሸገውን ብሎን ግን ማንም አይንካ። በደጋ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ነዳጅ ቢጨመርለት የሚወጣው ጥቁር ጭስ እንጂ ጉልበት አይደለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ማኅበራት በ800 ሄክታር፣ በ20 ጋሻ ገደማ፣ ሲደራጁ ትራክተር የጋራ ሀብት ይሆናል የሚል ተስፋ ነበር። በ1970ዎቹም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ናዝሬት ላይ፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ የቆመውን ትራክተር ያየ ሰው ሁሉም በትልቅ ብልሽት እንዳልቆመ ያውቃል። የሾፌሩ ስንፍና ነው ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን ለአንድ ቡሽ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ለመላክ ገንዘብ የሚፈቅደው ኮሚቴው ነው።

ስለዚህ ውቂያ ከመጀመሩ በፊት፣ የመኸሩም ሆነ የበልጉ፣ ኮሚቴው ትራክተሩን አስቁሞ ያስመርምር፤ ሽቦ የታሰረበት ከሆነ አንድ ቀን ሥራ ይፍታ። የሞተር ማጥፊያውም አብሮ ይሞከር፤ በማሴይ ፈርጉሰን 135 ማጥፊያው ከነዳጅ መስጫው የተለየ ስለሆነ የአንዱ መሥራት ለሌላው ዋስትና አይሆንም።