ለሐሞት ጠጠር ባሕር መሻገር

ጥቂት ገንዘብ የያዘ ሰው ሕመም በጸናበት ጊዜ የመጀመሪያ አሳቡ ወደ ሕንድ፥ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ መሻገር እየሆነ መጥቷል። ገንዘብ የሌለውም ከብቱን ሸጦና በውጭ አገር የሚኖረውን ዘመዱን ለምኖ መሄድን ይመኛል። በአገር ውስጥ መድኃኒት ለታጣለት ደዌ የሚደረገውን ጉዞ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን የሐሞትን ከረጢት ለማስወጣት እንኳ ባሕር መሻገር የግድ መስሎ መታየቱ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ግን ቅባት ያለበት ምግብ በተበላ ጊዜ ወደ አንጀት የሚሰደደውን ሐሞት የሚያጠራቅም ዕቃ ብቻ ነው። በውስጡ ጠጠር የተፈጠረ እንደ ሆነ፥ ቅቤና ሥጋ ከተበላ በኋላ በቀኝ ጎን ከጎድን በታች ጽኑ ሕመም ያስነሣል። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ በፋሲካ ሌሊት የገደፈ ሰው ይህ ሕመም ሲነሣበት ጨጓራ ነው ብሎ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ደግሞም በአማርኛ ሐሞት የጀግንነት ስም ስለ ሆነ፥ ከረጢቱ የወጣለት ሁሉ ሐሞተ ቢስ ሆኖ የሚቀር የሚመስለው አይጠፋም። ይህ የንግግር ነገር እንጂ የሥጋ ነገር አይደለም፤ ከረጢቱ ቢወጣም ጉበት ሐሞቱን መሥራቱን አይተውም። የዓሣ ሐሞት ለጦቢት ዓይን መድኃኒት እንደ ሆነ በመጽሐፉ የሚያነቡ ካህናት ይህንን ለሕዝቡ ቢያስረዱ ከሐኪም ይልቅ ይሰማሉ።

ኦፕራሲዮኑም አዲስ አይደለም። በመጀመሪያ የሠራው ካርል ላንገንቡኽ የተባለ የበርሊን ሐኪም ሲሆን፥ ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር 1882፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በኢትዮጵያ በነገሡበት ዘመን ነበር። በ1985 ኤሪክ ሙኸ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ሆድን በሰፊው ሳይከፍት በትንንሽ ቀዳዳ ሠራው። ይህ ሁለተኛው መንገድ ሕመምተኛውን ቶሎ ወደ ቤቱ ስለሚመልስ ይመረጣል፤ የፊተኛውም ቢሆን ዛሬ ትክክለኛ ሕክምና ነው።

ይፋግ ጥንት ሲራራ ነጋዴ የሚሰበሰብባት ገበያ የሆነችው በመንገድ ላይ ስለ ነበረች ነው። ዛሬም ከዚያ የሚነሣ ሕመምተኛ በአንድ ወገን ጎንደርን፥ በሌላው ደብረ ታቦርንና ባሕር ዳርን ያገኛል። በጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሞያዎች ይማራሉ፤ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን፥ በደብረ ታቦርም ሆስፒታል አለ። እንግዲህ ሰው ስለ ምን ይሄዳል ቢባል፥ የወረፋውን ርዝመት፥ የመድኃኒቱን መጓደል፥ የመሣሪያውን መበላሸት ፈርቶ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን ራሱን አስፈሪ አድርጎታል። ይህንን ሳይመለከቱ ሕዝቡን ሞኝ ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። ደግሞም ጠጠሩ ከከረጢቱ ወጥቶ የሐሞቱን ቱቦ የዘጋበት፥ ዓይኑም ቢጫ የሆነበት ሰው በአፍ በሚገባ ቀጭን መሣሪያ መታከም ያስፈልገው ይሆናል፤ ይህም ሕክምና በኢትዮጵያ የሚገኘው በጥቂት ስፍራ ብቻ ነው።

ልማዱ ከላይ የወረደ መሆኑም አይካድም። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በ1965 ዓ.ም. በታመሙ ጊዜ ወደ አውሮፓ ተወስደዋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ያረፉት በብራስልስ ሲታከሙ ነው። የእነርሱ ሕመም ሌላ ነበር፤ ሕዝብ ግን የሕመሙን ዓይነት ሳይሆን የሄዱበትን አገር ይመለከታል። ዋጋውም ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወር ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፥ በብር የሚቈጥር ሕመምተኛ ወጪው እጥፍ ያህል ሆኖበታል።

ይፋግ ባለችበት በሊቦ ከምከም ወረዳ በ1997 ዓ.ም. የሆነው ነገር እዚህ ላይ ሊታሰብ ይገባል። ሕዝቡን የፈጀው ደዌ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ነው ሲባል ቆይቶ፥ በመጨረሻ ካላ አዛር መሆኑ ታወቀ። ሕክምናውም በዚያው በአዲስ ዘመን ከተማ ስለ ተከፈተ ሕመምተኛው ወደዚያ መጣ። ለሐሞት ጠጠርም የሚፈለገው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ መሣሪያውን መግዛት ብቻ ሳይሆን በተበላሸ ጊዜ የሚጠግነውን ሰው በዚያው ሆስፒታል ማሠልጠንና ደመወዙን በበጀት ማስገባት ነው።