እጇን ያላወጣችው ልጅ

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብለው ይጠይቁታል። ዛሬ ደግሞ «በእረፍት ሰዓት ብቻውን የቆመ ልጅ ነበር?» ብለው ይጠይቁት።

ጥያቄው እንጅባራና ዳንግላ ላይ ክብደት አለው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፈተ፤ በአዊ ዞንም አገውኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል እውቅና ሰጥቷል። የክፍል ውስጥ ሳቅን ግን ሕግ አያስቆመውም። አፏን በአገውኛ የፈታች ልጅ አማርኛው ሲያደናቅፋት ከተሳቀባት፣ በማግስቱ እጇን አታወጣም። መልሱን እያወቀች ዝም ትላለች።

ይህን መምህሩ ብቻውን አይፈታውም። ሳቁ ያለው ተማሪዎቹ ዘንድ ነው፤ መድኃኒቱም እዚያው። ሚኒ ሚዲያው የጠዋቱን ሰላምታ በሁለቱም ቋንቋ ቢያሰማ፣ የተማሪዎች ፓርላማ ለአዲስ ገቢ ልጅ አለማማጅ ጓደኛ ቢመድብ፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

እርስዎስ? ልጅዎ ከጓደኛው አንድ የአገውኛ ሰላምታ ተምሮ ይምጣ፤ እራት ላይ ያስጠናዎት። ሲሳሳቱ ይስቅብዎታል። ያን ጊዜ ስለዚያች ልጅ ያጫውቱት።