የሌሊት ማደሪያ በባሕር ላይ

በባለ ሸራ ጀልባ ጠረፍ ለጠረፍ የሚጓዝ ቤተ ሰብ ቀኑን በነፋስና በፀሐይ ደስ ብሎት ሊያሳልፈው ይችላል፤ ነገር ግን የጕዞው መልካምነት የሚታወቀው ማታ ልጆቹ ተኝተው ጀልባዪቱ ካለችበት ሳትነቃነቅ ስታድር ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ከአቴና በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው በሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ፥ በኤጊናና በፖሮስ ደሴቶች ዙሪያ ከልጆቻችን ጋር ስንጓዝ ያስተዋልነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

በደጋ ያደገ ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል። የጥንቱ ነጋዴ በቅሎውን የሚያራግፈው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበረ፤ ውሃውንና ሣሩን አይቶ፥ የአውሬውንም ዱካ መርምሮ ይሰፍር ነበር። የባሕር መንገደኛም እንዲሁ ነው። የቤተ ሰብ ጀልባ በሰዓት 5 የባሕር ማይል ያህል ትሄዳለች፤ አንዱ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። እንግዲህ 20 ማይል ለመሄድ ነፋሱ ሳይደክም እንኳ 4 ሰዓት ይፈጃል። ማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ግድም ወደ ወሽመጡ መግባት የሚሻለው ስለዚህ ነው። ሌላም ምክንያት አለው። ፀሐይ ከፍ ብላ ሳለች በጠራው ውሃ ውስጥ የባሕሩ ወለል ይታያል፤ አሸዋው ነጣ ብሎ፥ የባሕር ሣሩ ጠቍሮ ይለያል። መልሕቅ በአሸዋና በጭቃ ውስጥ አጥብቆ ይይዛል፤ ፖሲዶንያ በሚባለው ሣር ላይ ከወደቀ ግን ብዙ ጊዜ ሥሩን ሳይነካ ይንሸራተታል፥ ለዓሣ መራቢያ የሚሆነውንም ሣር ይነቅላል። ሲመሽ ይህን መለየት አይቻልም።

ከወለሉ ቀጥሎ ነፋስ ይታሰባል። በሐምሌና በነሐሴ በግሪክ ባሕር ሜልቴሚ የሚሉት ነፋስ ከሰሜን ይነፍሳል። በእኛ አገር ዐውሎ የሚመጣው ደመና አስቀድሞ ነው፤ ሜልቴሚ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይነሣልና ያላወቀውን ያታልለዋል። በሳሮኒክ ውስጥ ኃይሉ ከሩቆቹ ደሴቶች ያነሰ ነው፤ ቢሆንም አፉን ወደ ደቡብ የከፈተ ወሽመጥ መምረጥ ይገባል። ከበስተ ኋላው ረዥም ተራራ ካለ ደግሞ ነፋሱ ከተራራው ጫፍ በድንገት እየተወረወረ ይወርዳልና ዝቅ ያለው ኮረብታ ይመረጣል።

የስፍራ ስም በራሱ ዋስትና አይሆንም። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 27 የተጻፈውን ያነበበ ሁሉ በቀርጤስ ደቡብ ዳርቻ መልካም ወደብ የሚባለውን ያስታውሳል። ስሙ መልካም ሆኖ ሳለ ለክረምት ማሳለፊያ አይመችም ነበር፤ ቀለል ያለ የደቡብ ነፋስ ሲነፍስላቸውም ተታለው ተነሡ። ከብዙ ቀን መከራ በኋላ በሌሊት ጥልቀቱን ሲለኩ አስቀድሞ በዛሬው መለኪያ 36 ሜትር ግድም፥ ጥቂት አልፈው 27 ሜትር ግድም አገኙ። ወለሉ ወደ ላይ እየቀረበ መሆኑን ከዚህ ተረድተው፥ ዐለት እንዳይመታቸው ፈርተው፥ ከመርከቢቱ ኋላ አራት መልሕቅ ጥለው ንጋትን ጠበቁ። የዛሬም መርከበኛ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ይለካል፥ ይጥላል፥ ይጠብቃል።

ሰንሰለትን በተመለከተ ስስት አያስፈልግም። መልሕቅ አጥብቆ የሚይዘው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን በአግድም ሲጎተት ነው። ውሃው 5 ሜትር ቢሆንና የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው 1 ሜትር ቢርቅ፥ 6 ሜትሩ በ5 ተባዝቶ 30 ሜትር ሰንሰለት ይለቀቃል፤ የሚበዛው ገመድ ከሆነ በ7 ይባዛል። ከዚያ በኋላ በሞተር ወደ ኋላ ተጎትቶ መያዙ ይፈተናል። በዳርቻው ላይም ሁለት ምልክት ይመረጣል፤ በግሪክ ጠረፍ መርከበኞች ለቅዱስ ኒቆላዎስ የሠሩት ትንሽ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አይጠፋምና፥ እርሱን ከኋላው ካለው ዐለት ጋር አሰልፎ ማየት ነው። ሰልፉ ከተዛባ ጀልባዋ ተነቃንቃለች፥ ወይም ነፋሱ ዞሯል።

በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ፥ በፖሮስ ባለ አንድ ወሽመጥ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተራዋን ትጠብቅ የነበረችው የልጆቻችን እናት፥ ከእኛ ፊት ለፊት የነበረው የጎረቤት ጀልባ መብራት እየቀረበ መሆኑን አየች። ማታ ሰንሰለቱን በጣም አሳጥረው ሲጥሉት አይተን ነበር። በጩኸት ቀሰቀስናቸው፤ በሁለቱ ጀልባዎች መካከል የጎማ መከላከያ አስገብተን በእጃችን ስንገፋ፥ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ለብሶ ባትሪ ያበራልን ነበር። በዚያ ጀልባ ውስጥም ሁለት ሕፃናት ተኝተው ነበር። ጎረቤቶቻችን መልሕቁን ስበው ራቅ ብለው እንደገና ጣሉት፤ አሁን ሰንሰለቱ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ሰማነው። የእኛ ትንሿ ልጅ ከእንቅልፏ አልነቃችም።

ሃይድራ ውብ ናት፤ መኪና የማይገባባት ደሴት በመሆኗም ልጆች ወደዷት። ወደቧ ግን ጠባብ ነው፤ በበጋ ጀልባ ከጀልባ ተጣብቆ የአንዱ ሰንሰለት በሌላው ላይ ይወድቃል። ቀን አይተናት፥ እንጀራ ባይኖርም ዓሣ በልተንባት፥ ለማደሪያ ወደ ፖሮስ ተመለስን።