የባልትናዎ ስም የማን ነው?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ ስለ ሰው ስም የተነገረ ቢሆንም ለሥራ ስምም የሚስማማ ነው። ውድ የዓምዳችን ተከታታዮች፣ ዛሬ የምንነጋገረው ብዙ እናቶች በድካማቸው ስለሚያፈሩት፣ ነገር ግን ባለቤትነቱን ሳያረጋግጡ ስለሚተዉት አንድ ንብረት ነው፤ ይኸውም የንግድ ምልክት የሚባለው ነው። የቅርብ ዘመዱ ስለሆነው ስለ ቅጂ መብትም ጥቂት እንላለን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የአንዲት እናትን ኑሮ በምሳሌነት እንውሰድ። ይህች እናት የምትኖረው በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐቤቴ፣ በዓለም ከተማ ነው እንበል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሙከጡሪና በለሚ አልፎ፣ የጀማን ሸለቆ ወርዶ የወጣ ሰው ከተማዋን ያውቃታል። እናቲቱ ልጆቿን የምታሳድገው በባልትና ሙያዋ ነው። ዛላውን ትቀነጥሳለች፤ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከኮረሪማው ጋር ታዋሕዳለች፤ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ታስፈጫለች፤ ነፍታ በየኪሎው ትመዝናለች። መጀመሪያ የገዟት ጎረቤቶቿ ነበሩ። ኋላ ግን መምህራኑና የጤና ሠራተኞቹ አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቻቸው መላክ ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ለበርበሬዋ ስም አወጣችለት፤ ማተሚያ ቤት ሄዳም መሶብ የተሳለበት ወረቀት አሳትማ በየከረጢቱ ላይ ለጠፈች።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። «እትዬ፣ የዘንድሮው በርበሬ ምን ነካው? ጨው በዝቶበታል፤ ቀለሙም የለመድነው አይደለም» የሚል ቅሬታ ነበር። እርሷ ግን በዚያ ወር ወደ አዲስ አበባ የላከችው አንድ ኪሎ እንኳ አልነበረም። ስሟንም መሶቧንም ገልብጦ የራሱን በርበሬ የሚሸጥ ሌላ ነጋዴ ተነሥቷል። ከኪሷ የተወሰደ ገንዘብ የለም፤ ከቤቷ የወጣ ዕቃም የለም። ቢሆንም በስንት ዓመት ያጠራቀመችው የደንበኞቿ አመኔታ በየቀኑ እየተሸረሸረ ነው።

ለመሆኑ ይህች እናት ምን ብላ ትከራከራለች? ብዙዎቻችን የምንመልሰው «የንግድ ፈቃድ አለኝ፤ ስሙም እዚያ ላይ ተጽፏል» ብለን ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በንግድ ጽሕፈት ቤት የሚመዘገበው የንግድ ስም ነጋዴው የሚጠራበት ነው፤ ፈቃዱም ለመነገድ ያስችላል። የንግድ ምልክት ግን ሌላ ነው። ገዢው የአንዱን ዕቃ ከሌላው ለመለየት የሚያየው፣ በከረጢቱ ላይ ያለው ቃል፣ ሥዕል ወይም የሁለቱ ቅንጅት ነው። ይህ ራሱን የቻለ ምዝገባ አለው፤ የሚመዘገብበትም መሥሪያ ቤት የተለየ ነው።

የንግድ ምልክት የሚመራው በ1998 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 501 ነው። የአዋጁ ዋና ቁም ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። «እኔ ቀድሜ ተጠቀምኩበት» ማለት ብቻውን የምስክር ወረቀቱን አይተካም። ምዝገባው የሚጸናው ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ሲሆን፣ በየ7 ዓመቱ እየታደሰ ለልጅ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። ቤት የሠራ ሰው ካርታ ሳያወጣ እንደማይተኛ ሁሉ፣ ስም የሠራችም እናት የምስክር ወረቀት ሳትይዝ መተኛት አይገባትም።

ያልተመዘገበ ሰው ፈጽሞ መብት የለውም ማለት ግን አይደለም። ሸማቹን የሚያሳስትና የሌላውን ነጋዴ ሥራ የሚጎዳ ድርጊት በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ የተከለከለ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ ለሚከራከር ሰው የማስረዳቱ ሸክም ከባድ ነው። ስሙ የታወቀው በእርሱ እንደሆነ፣ ገዢውም እንደተሳሳተ ማሳየት ይጠበቅበታል። የምስክር ወረቀት የያዘው ግን ወረቀቱን ያወጣል። የተመዘገበን ምልክት ሆን ብሎ የጣሰ ሰውም በካሣ ብቻ ሳይሆን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ሊቀጣ ይችላል።

አሁን ደግሞ ስለ ስም አወጣጥ እንነጋገር። ማንኛውም ስም አይመዘገብም። «ንጹሕ በርበሬ» ወይም «ጥሩ ሽሮ» ብትሉ፣ ይህ ዕቃውን የሚገልጽ ተራ ቃል ስለሆነ አንድ ሰው ለብቻው ሊይዘው አይችልም። ሁሉም ሽሮ ሻጭ ሽሮውን ጥሩ ሊል መብት አለውና። የአገር ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ፣ ሸማቹን የሚያሳስት ቃል፣ እንዲሁም ሌላ ሰው ቀድሞ ለተመሳሳይ ዕቃ ያስመዘገበውን የሚመስል ምልክት ተቀባይነት የላቸውም። የቦታ ስምም እንዲሁ በቀላሉ የአንድ ሰው አይሆንም። ዕቃውን በቀጥታ የማይገልጽ፣ ለጆሮ የሚጥም፣ ለዓይን የሚለይ ስም የተሻለ ዕድል አለው። ጥበቃውም ለተመዘገበበት የዕቃ ዓይነት መሆኑን ያስታውሱ። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች ምደባ ቅመማ ቅመም በ30ኛው፣ ልብስ ደግሞ በ25ኛው መደብ ውስጥ ይገኛሉ። በበርበሬ ስም የተመዘገበ ምልክት ነገ ለሚከፍቱት የልብስ ስፌት ሥራ በራሱ አይበቃም።

«ይህ ሁሉ ለትልልቅ ኩባንያዎች እንጂ ለእኛ ለጉልት ነጋዴዎች ምን ያደርጋል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። የቡናችንን ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ምክንያቱም ገዢው በስሙ ተማምኖ በውድ ዋጋ ሲገዛ፣ ከዋጋው ለገበሬው የሚደርሰው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ነው። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ የተባለው ታላቅ ኩባንያም ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን ስም ለማስመዝገብ ቀደም ብሎ አመልክቶ ነበር። ይርጋ ጨፌ ሳይቆይ ቢመዘገብም፣ ሐረርና ሲዳሞ የተለመዱ መጠሪያዎች ናቸው ተብለው በመጀመሪያ ውድቅ ተደረጉ። የእኛ ወገን ግን አልተወም። ስሞቹ ቦታ ከመጠቆም አልፈው ገዢው ቡናውን የሚለይባቸው ሆነዋል ብሎ ማስረጃ እያቀረበ ተከራከረ። በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ በ2000 ዓ.ም. የቀሩት ሁለቱ ስሞች ተመዘገቡ። ልብ ይበሉ፤ ክርክሩ ስለ ቡናው ፍሬ አልነበረም። ስለ ስሙ ነበር። ስም ገንዘብ መሆኑን ትልልቆቹ ነጋዴዎች ከእኛ ቀድመው ያውቁ ስለነበር ነው የተከራከሩት።

ከዚህ ትምህርት የሚያገኙት ቡና አምራቾች ብቻ አይደሉም። የመንዝና የግሼን ደጋ ያየ ሰው ከበግ ፀጉር የሚሠራውን ባናና በርኖስ ያውቃል። እናቶች ፀጉሩን ይፈትላሉ፣ ሸማኔዎች ይሠራሉ፣ ብርዱን የሚያውቅም ይገዛል። አንዲት ፈታይ ብቻዋን «መንዝ» የሚለውን ስም የራሷ ልታደርግ አትችልም፤ አይገባምም። ነገር ግን አዋጁ የወል የንግድ ምልክት የሚባል መንገድ ከፍቷል። በማኅበር የተደራጁ ሠራተኞች አንድ መለያ በጋራ አስመዝግበው፣ ማን እንደሚጠቀምበትና ሥራው ምን ዓይነት ጥራት ሊኖረው እንደሚገባ በደንብ ወስነው ሊሠሩበት ይችላሉ። ገዢውም መለያውን ሲያይ በፋብሪካ ከተሠራው አስመስሎ ይለየዋል።

ወደ ቅጂ መብት እንለፍ። ይህ መብት የሚመራው በ1996 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 410 እና በማሻሻያው ነው። የቅጂ መብት ከንግድ ምልክት የሚለየው፣ መጽሐፍ፣ ዜማ፣ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ያዘጋጀ ሰው መብቱን የሚያገኘው ሳይመዘገብም በመሆኑ ነው። በጠቅላላው የሚጸናውም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ሲሆን፣ ለፎቶግራፍ ግን አጠር ያለ ጊዜ ተወስኖለታል። የሚጠበቀው ግን የተሠራው ሥራ እንጂ ሐሳቡ አይደለም። ስለዚህ የዶሮ ወጥ አሠራር የጻፉት መጽሐፍ የእርስዎ ነው፤ የዶሮ ወጥ አሠራሩ ግን የሁሉም ነው።

ይህ በዕለት ሥራችን ብዙ ጊዜ ይገጥመናል። አንዷ የከረጢቷን ሥዕል ከስልክ ላይ ካገኘችው የሰው ፎቶግራፍ ትወስዳለች፤ ሌላዋ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታ መጻሕፍትን ከዳር እስከ ዳር እያባዛች ትሸጣለች፤ ሦስተኛዋ ዘፈን በፍላሽ እየጫነች ታስከፍላለች። ማናቸውም ክፉ ልብ ኖሯቸው ላይሆን ይችላል። ሆኖም ያለ ፈቃድ በሰው ሥራ ገንዘብ ማግኘት በሕግ ያስጠይቃል። የራስን ስም ሲወስዱብን የሚያመን ከሆነ የሌላውም ሰው ድካም ሊያመን ይገባል። የመለያ ወረቀትዎን ለሠዓሊ ሲያሠሩም፣ ሥዕሉ የእርስዎ እንደሚሆን በአንዲት ገጽ ውል ላይ ያስፍሩ። በኋላ ከመጣላት ይሻላል።

ጥበብ የምትሠሩ እህቶችም አላችሁ። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣው የጥበብ ጥለት የማንም የግል አይደለም። እርስዎ አስበው የፈጠሩት አዲስ ጥለት ግን በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት በኢንዱስትሪ ንድፍነት ሊመዘገብ ይችላል። ጥበቃው ለ5 ዓመት ሲሆን ሁለት ጊዜ ለአምስት አምስት ዓመት ይራዘማል። ንድፉ አዲስ መሆን ስላለበት በየገበያው ከታየ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ማመልከት ያስፈልጋል።

በቤተሰብ ዓምድ ላይ ሳይነሣ የማይታለፍ አንድ ጥያቄ ቀርቶናል፤ ይኸውም ምልክቱ በማን ስም ይመዝገብ? የሚለው ነው። ባልትናውን የምትሠራው ሚስት ሆና «ቢሮ የሚሮጠው እሱ ስለሆነ» ተብሎ ወረቀቱ ሁሉ በባል ስም የሚወጣበት ቤት ብዙ ነው። በቤተሰብ ሕጋችን መርሕ በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ይሁን እንጂ ፍቺ ወይም ሞት በመጣ ጊዜ ስሙም እንደ ቤቱና እንደ ከብቱ ንብረት መሆኑን ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። መሶቡ የተሳለበት ወረቀት ከወንበሩና ከድስቱ በላይ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ባልና ሚስት በሰላሙ ጊዜ ተመካክረው፣ በሠራተኛዋ ስም ወይም በሁለቱም ስም ቢያስመዘግቡ መልካም ነው። ይህ ያለመተማመን ምልክት አይደለም። ለልጆች ማሰብ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ብዙ ወረቀት ከማሳተምዎ በፊት የመረጡት ስም በሌላ ሰው አለመያዙን አዲስ አበባ በሚገኘው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይጠይቁ። ይህ መሥሪያ ቤት በ1995 ዓ.ም. በጽሕፈት ቤትነት የተቋቋመው ነው። ሁለተኛ፣ የምልክቱን ቅጂና የሚሸጡትን ዕቃ ዝርዝር ከማመልከቻውና ከክፍያው ጋር ያቅርቡ። ሦስተኛ፣ ምልክቱ ተመርምሮ ለመመዝገብ የሚበቃ ከሆነ፣ ተቃዋሚ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ይወጣል፤ የመቃወሚያው ጊዜ 60 ቀን ነው። ሌላ ሰው የእርስዎን ስም ሊያስመዘግብ ቢሞክር መቃወሚያ የሚያቀርቡትም በዚሁ ጊዜ ነው። አራተኛ፣ የመጀመሪያውን የመለያ ወረቀት፣ የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝና የሽያጭ ደብተርዎን አይጣሉ። አምስተኛ፣ የ7 ዓመቱን ማደሻ ቀን ከልጆች ክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡት።

ወደዚያች የዓለም ከተማ እናት እንመለስ። ስልኩ ከመደወሉ በፊት አስመዝግባ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ወረቀት ያልቅ ነበር። አሁን ግን ደረሰኟን ለቅማ፣ ደንበኞቿን ለምስክርነት ጠርታ፣ በሥራ ቀኗ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ አለባት። ያም ቢሆን ተስፋ አትቁረጥ፤ ሌላው ከመቅደሙ በፊት ዛሬውኑ ታመልክት። እርስዎ ግን፣ ውድ አንባቢያችን፣ ስልኩ እስኪደወል አይጠብቁ። ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከረጢትዎን አንሥተው ላዩ ላይ ያለውን ስም ያንብቡና ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህ ስም በሕግ ፊት የማን ነው?