ቀጠሮ ከመስጠታችሁ በፊት «የት ታድራላችሁ?» በሉ

ግልጽ ደብዳቤ፦ የካንሰር ሕሙማን ሕፃናትን ለሚያክሙ ሪፈራል ሆስፒታሎች ኃላፊዎች

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በሕፃናት ካንሰር ክፍል በበጎ ፈቃደኝነት ሳግዝ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሐኪሞቻችሁና ነርሶቻችሁ አልጋ ከሕመምተኛው በሚያንስበት፣ ዛሬ ያለው መድኃኒት ነገ በሚጠፋበት ቦታ እንዴት እንደሚለፉ አይቻለሁ፤ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ቅሬታዬ ከአሠራሩ ጋር ነው። ሕፃኑ መቼ ተመልሶ መምጣት እንዳለበት ትወስናላችሁ፤ እስከዚያ የት እንደሚያድር ግን የማንም ኃላፊነት ሳይሆን ቀርቷል።

በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ዓይነት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ሕክምና ይፈልጋል። ከባዶቹ የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። ኬሞ ይሰጣል፣ ደም ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ወርዶ ከተገኘ «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» ይባላል። ኬሞው ከተሰጠ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል ክፉኛ ይወርዳል፤ በእነዚያ ቀናት ሕፃኑን ካተኮሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ ሊጀመርለት ይገባል። ሐኪሙ ይህን ለእናቲቱ አስረግጦ ይነግራታል፦ «ትንሽ እንኳ ካተኮሰው ሳትውይ ሳታድሪ አምጪው።» እናቲቱ የመጣችው ከባሌ ወይም ከሰሜን ወሎ ገጠር ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ልትፈጽመው የምትችለው ግን ከሆስፒታሉ አጠገብ ካደረች ብቻ ነው።

ያየሁትን አንድ ቀን ልንገራችሁ፤ የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም። ጠዋት ነርሷ ለአንዲት እናት የመውጫ ወረቀት ሰጠቻት፤ አልጋውን የሚጠብቅ ሌላ ሕፃን ነበር። እናቲቱ ጋቢዋን አጣጥፋ፣ ፔርሙዟንና ሳህኗን በፌስታል ይዛ፣ ልጇን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ቀጠሮዋ ለቀጣዩ ሳምንት ነው። አገሯ ደርሳ ልመለስ ብትል የትራንስፖርቱ ወጪ ያላትን ሁሉ ይጨርሰዋል፤ ልጁም መንገዱን አይችለውም። አመሻሽ ላይ ጥበቃው መጣና «ዲስቻርጅ የሆነ ሰው እዚህ አያድርም፣ እናቴ» አላት። የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ ሲናገር ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነበር። ልጁን አዝላ ወጣችና አውቶቡስ ተራ አካባቢ አልጋ ቤት ያዘች። ክፍሉ ምድጃ የለውም። መጸዳጃው የጋራ ነው። ለአንድ አዳር የምትከፍለው ደግሞ ሐኪሙ «ይብላ» ያለውን እንቁላልና ወተት የምትገዛበት ገንዘብ ነው።

የማደሪያ ነገር ሲነሣ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ዘመድ የላችሁም?» የሚለው ነው። ጠያቂው ክፋት የለውም፤ ባህላችንም እንዲህ ነው፣ ከገጠር የመጣ ሰው ዘመድ ቤት ያርፋል። ነገር ግን የከተማው ዘመድ የሚኖርበትን ቤት አስቡት። አንዲት ክፍል ውስጥ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው አሉ። እንግዳው ሳምንት ሲቆይ ደስታ ነው፤ ወር ሲሞላ አስተናጋጁም እንግዳውም ይጨነቃሉ፤ በሦስተኛው ወር እናቲቱ ራሷ አፍራ ትወጣለች። ከትምህርት ቤት ጉንፋን ወይም ጉድፍ ይዞ የሚመጣ የዘመድ ልጅ ደግሞ ነጭ የደም ሴሉ ለወረደ ሕፃን ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ዘመድየው ራሱ ከፒያሳ ተነሥቶ ቦሌ አራብሳ ገብቶ ከሆነስ? ሌሊት ያተኮሰውን ልጅ ከዚያ በምን ታመጣዋለች?

ማረፊያ ቤቶች አሉ። ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ የታማሚ ሕፃናት ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስም ከክልል ለሚመጡት መኝታና ምግብ ይሰጣሉ። ልጃቸው የታመመባቸው ሰዎች የጀመሩት ሥራ መሆኑን ልብ በሉ፤ ጉድለቱን አስቀድሞ ያየው ወላጅ ነው። እኔ ባለሁበት ክፍል ግን አብዛኛው ቤተሰብ ስለ እነዚህ ቤቶች የሚሰማው በወሬ፣ ከጎኑ ካለች አስታማሚ ነው። የሰማ ይሄዳል፣ ያልሰማ በር ላይ ይቀራል። ሶሻል ወርከሩም የሚጠራው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ከአቅማቸው በላይ የተሸከሙ በጎ አድራጊዎች መኖራቸው እናንተን ከኃላፊነት ነፃ አያወጣም።

«ሆስፒታል ሆቴል አይደለም» የሚል መልስም ሰምቻለሁ። የጤናው ዘርፍ ግን ይህን ክርክር በሌላ ቦታ ዘግቶታል። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ያለውን የእናቶች ማቆያ ተመልከቱ። ቤቷ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር ምጧ ከመድረሱ በፊት መጥታ እዚያ ትቆያለች፣ ትመገባለች፤ ማኅበረሰቡ እህል ያዋጣል፣ ገንፎው እዚያው ይገነፋል። ርቀት ሊገድል እንደሚችል ታምኖበት ነው የተሠራው። በፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1974 የመጀመሪያው ሮናልድ ማክዶናልድ ሃውስ ሲከፈትም ከጠንሳሾቹ አንዷ የሕፃናት ካንሰር ሐኪም ኦድሪ ኢቫንስ ነበሩ። ያን ያህል ርቀን መሄድ ግን አያስፈልገንም፤ ማቆያውን የሠራ አገር ለካንሰር ሕፃንም መሥራት ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባስጀመረው ንቅናቄ በ2030 ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት ቢያንስ 60 በመቶው እንዲተርፉ ግብ አስቀምጧል። በበለጸጉት አገሮች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። በእነሱና በድሆቹ አገሮች መካከል ያለውን ልዩነት የሚፈጥረው የመድኃኒት እጥረት ብቻ ሳይሆን ሕክምና ማቋረጥም ነው። ካርዱ ላይ «ቀጠሮ ያቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል፤ ያነበበ ሁሉ ወላጁ ቸል ያለ ይመስለዋል። እኔ የማውቃቸው ወላጆች በሬ ሸጠው የመጡ ናቸው። ያቋረጡት የማደሪያ ገንዘብ ስላለቀባቸው ነው።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ሕፃኑ ተኝቶ ሊታከም በገባበት ቀን ከስሙና ከዕድሜው ጋር የት እንደሚያድር፣ ከሆስፒታሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ማደሪያው ሳይረጋገጥ ነጭ የደም ሴሉ የሚወርድበትን ሳምንት የሚጠብቅ ሕፃን አይሰናበት። ከመሰናበቱ በፊት ባለው ቀን ወደ ማረፊያ ቤቶቹ የሚደውል፣ በስም የሚታወቅ አንድ ሠራተኛ ይኑር። ቦታ አጥተው የተመለሱትም በየወሩ ተቆጥረው ለጤና ሚኒስቴር ይቅረቡ፤ ያልተቆጠረ ችግር በጀት አያገኝም። ከዚያ በግቢያችሁ ውስጥ ወይም አጠገቡ ምድጃና ንጹሕ ውኃ ያለው፣ አባትም እናትም የሚያድሩበት ማቆያ በጀት ተይዞለት ይሠራ። ጅማ፣ ጎንደርና መቀሌ ሕክምናው መጀመሩ መንገዱን አሳጥሯል፤ ከከፋ ወደ ጅማ የሚመጣ ቤተሰብም ግን ማደሪያ ይፈልጋል።

ግንባታው ጊዜ ይወስዳል። «የት ታድራላችሁ?» ብሎ መልሱን ካርድ ላይ መጻፍ ግን ከነገው ጠዋት ቀጠሮ ጀምሮ ይቻላል፤ የሚጽፍ ሰው ካጣችሁ እኛ በጎ ፈቃደኞቹ ተራ ገብተን እንጽፋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕፃናት ካንሰር ክፍል የምታግዝ በጎ ፈቃደኛ